አራተኛ ፎቅ መግባት ክልክል ነው

በሽተኛ መጠየቅ ጽድቅ ነው ይባላል። አይደለም። እኛ በምንጠይቅበት መንገድ ከሆነ በሽተኛውን ሁለተኛ ጊዜ ማሳመም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁና ከውስጥ ሆኜ ነው የምናገረው። ብርቱካን አንጠልጥዬ ገብቼ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ የታማሚው ዐይን በእንቅልፍ ሲከደን እያየሁ "አይዞህ፣ ተጫወት እንጂ" ያልኩ ሰው ነኝ። ጌታ በመጨረሻው ቀን ስለ በሽተኛ እንደሚጠይቀን አውቃለሁ፣ አምናለሁም። ነገር ግን ሦስት ሰዓት ተቀምጠን፣ ለስላሳ ተቀድቶልን፣ በዚያው በሽታ ስለ ሞተ ዘመዳችን እንድናወራ ያዘዘን አይመስለኝም።

ወሬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "የአክስቴን ልጅም ልክ እንዲህ ነበር የጀመራት" ይላል አንዱ። "ከዚያስ?" ይላል ሌላው። "ምን ከዚያ አለው፣ ነፍሷን ይማር።" በሽተኛዋ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች።

የዚህ ታሪክ በሽተኛ እህቴ ናት። ታናሼ ናት፤ ጎሮ ሰፈር ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ከዚያ ኬሞ ጀመረች። ሁለተኛውን ዙር ወስዳ የወጣች ቀን ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ አቆመችኝና በሽታ የሚከላከለው የደሟ ክፍል ክፉኛ መውረዱን ነገረችኝ። የሚቀጥለው ምርመራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው። ደሟ ካገገመ ሦስተኛውን ዙር በዚያው ቀን ትወስዳለች። በመሃሉ ጉንፋን እንኳ ከያዛት ሕክምናው ይቆማል። በሽታው ግን እኛን ቆሞ አይጠብቅም።

"ጠያቂ እንዳይገባ" አለችኝ።

"አንድም ሰው?"

"አንድም ሰው። እኔም እኮ እዚሁ አገር ነው ያደግሁት፤ ጠያቂ ምን እንደሚመስል አላውቅም ብለው ነው?"

ልብሴን በሻንጣ ይዤ እህቴ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ "በሐኪም ትእዛዝ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤ ደረጃው አናት ላይ በርጩማ አድርጌ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ሁሉም ያነበዋል። አንብቦ ያንኳኳል። ክልከላው ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው ብሎ ያላመነ አንድም ጎረቤት አልገጠመኝም።

የመጀመሪያው ቀን የእድሩ ሊቀመንበር መጡ። ሰባ አምስት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። አራት ፎቅ በከዘራ ነው የወጡት። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይገባም።"

"ማን ነው የማይገባው?"

"ማንም።"

"እኔ ማንም ነኝ?"

"ሐኪሟ ናት ያለችው።"

"ሐኪሟ ታውቀኛለች? ታዲያ መቼ ልንጠይቃት ነው፣ ስትሞት?"

"ስትድን።"

"የዳነ ሰው ደግሞ ይጠየቃል እንዴ? አንተ ልጅ፣ መጽሐፍ አብዝተሃል።"

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ያመጡትን ፓፓያ አስቀምጠው ወረዱ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በከዘራቸው እየመቱ፣ በየፎቁ ያለ ሰው መባረራቸውን እንዲያውቅ አድርገው።

በማግስቱ ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን መጣች። ከሆሳዕና የመጣች መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። እሷ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ እህቴን ለማየት ስመጣ ለዓመታት ደረጃ ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ነገር አልነበረንም። አራት የጸሎት ጓደኞቿን አስከትላለች።

"ሻሎም ወንድሜ። አንገባም። እዚሁ ደረጃው ላይ ሆነን እንጸልይላት።"

"በቀስታ ከሆነ እሺ።"

በቀስታ የሚባለውን ነገር እንደማያውቁት መገመት ነበረብኝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሕንፃው አስተጋባ፤ ከፊት ለፊቱ ብሎክ ሰዎች በረንዳ ላይ ወጡ። እህቴ ከውስጥ በሞባይል ደወለችልኝ።

"ማን ሞተ?"

"ለአንቺ እየጸለዩልሽ ነው።"

"ታዲያ ጌታ አራተኛ ፎቅ አይሰማም ተባሉ?" ብላ ሳቀች። ከሆስፒታል ከወጣች የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ይህን ለጸሎቱ ቡድን አልነገርኳቸውም።

ሲጨርሱ ሌሎቹ ወረዱ፣ አስተማሪዋ ቀረች።

"ልብሷን ማን ያጥባል?"

"እኔ።"

እጄን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። "አንሶላውን ስጠኝ። አጥቤና ተኩሼ በሩ ላይ አኖርልሃለሁ። አልገባም አልኩህ እኮ።"

"አመሰግናለሁ፣ አያስፈልግም።"

ለምን እንቢ እንዳልኩ አውቃለሁ። አንሶላ ካጠበችልኝ በኋላ ትሰብከኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። አልሰበከችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን፣ በፈረቃው ውሃ በሚመጣበት ንጋት ሁለት ጄሪካን ተሞልቶ በራችን ላይ ይገኝ ጀመር። ውሃው አራተኛ ፎቅ ድረስ የመውጣት ጉልበት የለውም፤ ከምድር ቤቱ ቧንቧ ተቀድቶ ነው የሚመጣው። ማን እንዳመጣው አላጣሁትም። ሙሉውን አስገባለሁ፣ ባዶውን አወጣለሁ። አንድም ቀን አንድ ፎቅ ወርጄ አላመሰገንኳትም።

ቀኖቹ አለፉ። እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ ከበሩ እስከ በረንዳው እመላለሳለሁ፣ ቴርሞሜትሩን አነሳለሁ፣ እህቴን "ደህና ነሽ?" ብዬ ከእንቅልፏ እቀሰቅሳለሁ፣ ተመልሼ በርጩማዬ ላይ እወጣለሁ። አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ሰው ማባረሩ ጣመኝ። አንዱ ሙዝ፣ ሌላዋ በቴርሞስ አጥሚት ይዘው አራት ፎቅ ሲወጡ ከላይ ሆኜ አያለሁ፤ የምላቸውንም አዘጋጃለሁ። ሌላው በመግባት ጻድቅ ይሆናል፣ እኔ ባለማስገባት ሆኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ክርስትናን ከሰፈሩ ሁሉ በተሻለ የገባኝ እኔ ነኝ ብዬም አሰብኩ። የእኔ ደግነት ከእነሱ የሚለየው ግን በመቆጣቱ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታፍኜ ልፈነዳ ደረስኩ። እህቴ ተኝታለች። በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ በኢምፔሪያል በኩል በተጨናነቀ ሚኒባስ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄድኩ። ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡባት አንዲት ጠባብ ካፌ አለች። ውጭ ዝናብ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የዕለቱ ክርክር፣ ሰው የሚድነው በእምነት ነው ወይስ በሥራ የሚል ነበር። ሦስት ሰዓት ተከራከርን። አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ በየመሃሉ አፍንጫውን ይናፈጣል፤ እኔም በየመሃሉ ከእህቴ ደጃፍ ያባረርኳቸውን ሰዎች እያስመሰልኩ አስቃቸዋለሁ። የጋሼን ከዘራ ሳይቀር አስመሰልኩ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ጉሮሮዬን ከረከረኝ።

አቧራ ነው አልኩ። መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ ጎሮ ውስጥ ለሁሉ ነገር አቧራ ምክንያት ይሆናል። ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ። ሳሉ ሲመጣ በረንዳ ወጥቼ በሩን ዘግቼ አስላለሁ፤ ተመልሼ ሾርባዋን አቀርብላታለሁ። በዚያው ሰኞ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ከደረጃው መልሻለሁ። አንደኛዋን እንዲያውም፣ አስነጥሳ ስለነበር፣ በሰው ፊት ገሥጫታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ተኩል አለ። እህቴ ልትነሣ ሞከረች፤ ጉልበቷ ከዳት። ላነሣት ሞከርኩ፣ እኔም ሳል ያዘኝና ሁለታችንም አልጋው ላይ ተቀመጥን። አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ወርጄ የሦስተኛ ፎቁን በር ደበደብኩ። አስተማሪዋ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሥራ ልትወጣ ነበር። እህቴ ተኩሷት መነሣት አቅቷታል አልኳት። ማስክ አውጥታ ሰጠችኝ፣ አንዱን ራሷ አጠለቀች፣ ስልክ ደወለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጋሼ የእድሩን የፕላስቲክ ወንበር ካሸከሟቸው አራት ጎረምሶች ጋር በራችን ላይ ቆሙ። ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል። ወረቀቱን ቀና ብለው አዩት።

"አሁን መግባት ይፈቀዳል?"

"ጋሼ፣ በእግዜር…"

"መጠየቄ ነው። ኋላ እንዳትቆጣኝ ብዬ።"

እጃቸውን ሁሉም ታጥበው ገቡ። እህቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ በየመዞሪያው እየተጠራሩ አወረዷት። "ቀስ! ቀስ! ግድግዳውን እየው!" ይላሉ ጋሼ ከኋላ። እኔ ሻንጣ ይዤ እከተላለሁ።

መኪናው የጋሼ ነበር፤ ነጂውም እሳቸው። አስተማሪዋ ከኋላ እህቴን ደግፋ ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት። ገርጂ ሳንደርስ ሳሌ አመለጠኝ፤ ከጀመረ ደግሞ አላቆም አለ። 

"መቼ ጀመረህ?" አለች አስተማሪዋ።

"ሰኞ።"

ጋሼ ከመንገዱ ላይ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ መስኮታቸውን እስከ ታች ከፈቱት።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ እየሮጠች መጣች። "ማን ነው የገባው?" አለችኝ።

"ማንም አልገባም" አልኳት። እውነት ነው፤ ማንም አልገባም።

አስተማሪዋ አጠገቤ ቆማለች። እኔን ማጋለጥ ትችል ነበር፣ አላደረገችውም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ደረጃው ላይ ያን ሁሉ ጩኸት ያሰማችው ሴት ትሁን ብዬ እስክጠራጠር ድረስ፣ "ወንድሜ፣ ንገራት። መድኃኒቱን በዚያ ነው የምትመርጠው" አለችኝ።

ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ፣ በጠያቂዎች መሃል፣ "እኔ ነኝ ያስያዝኳት" አልኩ። ሐኪሟ ጻፈችውና ሄደች። ቁጣ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም።

እህቴ አሥር ቀን ተኛች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ክፍሏ በር ላይ ከእኔ ወረቀት በተሻለ የታተመ ክልከላ ተለጥፏል፤ እኔን የሚመለከት ነው። በአምስተኛው ቀን በስልክ አገኘኋት።

"ስታስል ከሰኞ ጀምሮ ሰምቼሃለሁ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"በሩን እንደዚያ ስትጠብቅልኝ? አፈርኩልህ።"

እኔን ላለማሳፈር ዝም አለች፤ እኔም ላለማፈር ዝም አልኩ። በዚህ መሃል ሐሙስ አለፈ።

እድሩ ሰው ሲሞት ብቻ የሚያወጣውን የተራ ወረቀት ጋሼ በዚያ ሳምንት ለቁም ሰው አወጡት። ከሦስተኛ ፎቋ አስተማሪ ጋር ተቀምጠው ነው የሠሩት፤ የኦርቶዶክስ እድር ሊቀመንበርና የጴንጤ ጸሎት መሪ። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ማስክ አድርጎ፣ ልብስ ወስዶ አጥቦ ይመልሳል፣ ምግብ ለነርሶቹ ሰጥቶ ይሄዳል። መቀመጥ የለም። "አይታችኋታል ወይ?" ብዬ ስጠይቃቸው "ምን ያስፈልጋል?" ይሉኛል። ለዓመታት ገብተን ካልተቀመጥን የጠየቅን የማይመስለን ሰዎች ነበርን፤ እነሱ በአንድ ሳምንት ተማሩት። እኔ መምህራቸው እንደሆንኩ ሳስብ ነበር የከረምኩት። ለእኔም ተራ እንዲሰጡኝ ጋሼን ለመንኳቸው።

"አንተ መጀመሪያ ሳልህን ጨርስ" አሉኝ።

እህቴ አሁን ቤቷ ናት። ሦስተኛውን ዙር እስካሁን አልወሰደችም። አዲሱ ምርመራ የፊታችን ሰኞ ነው። የዘገየው ጊዜ ምን እንዳስከፈላት ሐኪሟን ስጠይቃት "እናያለን" ትላለች፤ ይህን ቃል ይዤ ክፍል ውስጥ ስዞር እውላለሁ። እህቴ ይቅር ብላኛለች። ይቅርታዋ ግን የደሟን ቁጥር ከፍ አያደርገውም።

ጽድቅን በተመለከተ ከእንግዲህ ለማንም የምሰብከው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ዛሬ ልትጠይቁት ያሰባችሁት በሽተኛ ካለና ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ፣ ቤታችሁ ቅሩ። ትናንት እያመማችሁ ሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ይህን ገጽ አስቀምጡና አሁኑኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።