ወንድሜ የቀረበት አሰብ

ከደሴ የተነሣሁት በጥር፣ የቆላው ሙቀት ረገብ በሚልበት ወር ነው። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ በአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ቴክኒሻን ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በዚያ ሙቀት አስከሬኑ ደሴ ድረስ መምጣት ስላልቻለ እዚያው ተቀበረ። እናቴ ልቅሶ የተቀመጠችው ፎቶግራፉን ከፊቷ አድርጋ ነው።

«ሄደሽ ያለበትን እይልኝ፤ የት እንዳለ ሳላውቅ ማልቀሱ ደከመኝ» አለችኝ። የልብስ ስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ተነሣሁ።

ቁልቁለቱ

የወሰዱኝ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ባለተሳቢ መኪናቸው ላይ ጥራጥሬ ጭነው ወደ ወደቡ ይወርዱ ነበር። ባቲ የገበያ ቀን ሆኖ ግመሉና ፍየሉ መንገዱን ዘጋው። እስኪከፈትልን በስሙኒ ብርቱካን ገዝቼ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን በላን። ከሚሌ ወዲያ ነፋሱ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊት ይጋረፋል። ተንዳሆ ስንደርስ የአዋሽ ድልድይና የጥጥ እርሻው ታየ። ታደሰ ለሥራ ሲወርድ ሹራቡን ያወለቀው እዚህ እንደሆነ እየሳቀ አጫውቶን ነበር። መንገዱን ሁሉ በእሱ ዓይን እያየሁ ሄድሁ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ጎድሎበት ነው?» አልኋቸው ድንገት።

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ መለሱልኝ። «የኔም አጎት እንዲሁ ነው የሄዱት፣ ልጄ። አባቴ ‹ለምን?› እንዳለ ኖሮ መልሱን ሳያገኝ ሞተ። አላህ ይማራቸው ከማለት በቀር ምን እላለሁ?»

ኤሊዳር አድረን በማለዳ ቀጠልን። ደባይሲማ አጠገብ የመኪናውን ሞተር ለማቀዝቀዝ ስንቆም አንዲት የአፋር እናት ወተት በቅል ሰጡን። በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጋሽ ሰይድ ሲተረጉሙልኝ፣ «ወደ ማን ነው የምትሄጂው ይሉሻል» አሉኝ። «ወደ ወንድሜ» አልሁ።

አሰብ

መጀመሪያ የታየኝ የማጣሪያው ነጫጭ የነዳጅ ጋኖች፣ ከበስተኋላቸውም ባሕሩ ነው። የተቀበለኝ አበራ ነው፤ የጎሬ ልጅ፣ ከታደሰ ጋር አንድ ቤት የኖረ የሥራ ጓደኛው። ሸሚዙ ሰፍቶት አንገቱ ቀጥኗል።

መቃብሩ ከከተማው ዳር፣ አሸዋ ላይ ነው። ጓደኞቹ ዙሪያውን በባሕር ድንጋይ ከበውታል። ለእናቴ የምነግራት እንዳይጠፋኝ አቅጣጫውን፣ ጥላውን፣ ባሕሩ ከዚያ ይታይ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ተንበርክኬ፣ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድበት እንደምቀሰቅሰው፣ «ታዱ፣ ተነሥ በቃ፣ ነጋ» አልሁት። አበራ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ማታ ግቢው ውስጥ ዓሣና የየመኖች ትኩስ ዳቦ አቀረበልኝ፤ እሱ አልቀመሰም። የታደሰን ልብሶች አስረከበኝ። ቀጥሎ የራሱን ሬዲዮና የእጅ ሰዓት ጨመረበት።

«ይህ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«ለእናትዎ ይሁን፣ እትዬ። ለኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»

ታደሰም ለመጨረሻ ጊዜ ደሴ ሲመጣ ካፖርቱን ለጎረቤት ሰጥቶ ነበር፤ ደግ ነው ብለን አለፍነው። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣበት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ግን ዝም ማለቱ የባሰ አስፈራኝ።

«አበራ፣ ለመሞት ታስባለህ?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አዎ፣ እትዬ። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ቤት እየኖርን ሳላውቅለት...»

«እኔም እህቱ ሆኜ አላወቅሁለትም» አልሁት። «ዛሬ ብቻህን አታድርም።»

ጎረቤቶቹን ጠርቼ አብረነው አመሸን። ሲነጋ ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት። ሐኪሙ በሰፊው አነጋገረው፤ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ይታከም ብሎ ጻፈለት፤ አለቃውም ፈቃድ ሰጠው። ጋሽ ሰይድ ጭነታቸውን ጨርሰው ሊወጡ ነበር።

«አንድ ሰው ልጨምርብዎት» አልኋቸው።

አበራን አዩት። «ግባ፣ ልጄ። ጋቢናው ሰፊ ነው» አሉት። ሰፊ አልነበረም።

ደሴ

አበራ በረሓውን ሁሉ ሳይናገር አለፈ። ዳገቱን ስንያያዝ ብርዱ ሲመታው ጋቢ ጠየቀኝ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሻይ በዳቦ በላ።

እናቴ በር ላይ አቅፋው ብዙ ቆየች። የሚያስጨንቅ ጥያቄ ትጠይቀዋለች ብዬ ሰግቼ ነበር። እሷ ግን፣ «ልጄ እዚያ ይስቅ ነበር?» አለችው።

«እንዴት አይስቅ፣ እማማ! በይሉል የሚባል የባሕር ዳርቻ ሄደን ሲዋኝ ሱሪውን ማዕበል ወሰደበት። ከዓሣ አጥማጅ የተዋሰውን ሽርጥ ታጥቆ ነው አሰብ የገባው፤ እስከ ቤት እየሳቀ!»

እናቴ ከልቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ እንባ ተለወጠ፤ አበራም አብሯት አለቀሰ። ማታ እኔም መቃብሩን እንዳየሁት አድርጌ ነገርኋት።

በሳምንቱ አባቱ ከጎሬ መጥተው አዲስ አበባ ወሰዱት። ሕክምናው ጊዜ ፈጀ። አሁንም የሚከብደው ቀን አለ፤ ግን ሲከብደው ለአባቱ ይናገራል።

«ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ከአሰብ መልስ ይዤ አልተመለስሁም። የተማርሁት ሌላ ነው፤ ሰው በቁሙ ሳለ፣ ቢያስፈራም፣ በግልጽ መጠየቅ፣ የሚለውንም ሳይገሥጹ መስማት። ታደሰ ግን ዛሬም ይናፍቀኛል። ከአሰብ መኪና ገባ ሲሉ፣ እንደማይመጣ እያወቅሁ፣ አንገቴ ወደ መንገዱ ይዞራል።