ሳጅን ሠናይትና ፊውዝ አልባው ራዳር

የትራፊክ ፖሊሷ ሳጅን ሠናይት ራዳር ከመያዟ በፊት የቦንጋ ሾፌር ሁሉ ይሟገታት ነበር። በዓይንሽ ነው እንዴ ፍጥነት የምትለኪው ይሏታል። ራዳሩ ከክልል ሲመጣ አፋቸውን አስዘጋላት። ከሺሺንዳ በኩል የሚመጣ አይሱዙ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ እንደ ሙሽራ መኪና መንፏቀቅ ጀመረ። እዚያ ቁልቁለት ላይ የተገጨ ተማሪ በገዛ እጇ አንስታለች፤ ስለዚህ ያን ዕቃ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየው። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላው ለራዳሩ ነው፤ እሷ ትበሰብሳለች።

በ2001 ዓ.ም. ኢንጂነር አባተ የሚባሉ ገምጋሚ ከክልል መጡ። ቦንጋ ራዳሩን ጠግና ማኖር ካልቻለች ዕቃው ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። ሠናይት አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም ብላ ጉራዋን ነዛች። እሳቸው ግን መበላሸቱማ አይቀርም፣ ጥያቄው ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት መጥቶ በስንት ጊዜ ይነሳል ነው አሉ። ዘዴያቸውም አጭር ነበር፤ የራዳሩን ፊውዝ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ሰዓታቸውን አዩ።

«ይኸው ተበላሸ፤ እንግዲህ ያስጠግኑት።»

ፊውዙ ሙራድ ሱቅ ሞልቷል። ሠናይት ልትገዛ ስትሮጥ የፋይናንስ ኃላፊው አቶ ገብረሚካኤል ከመንገድ መለሷት፤ ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ፕሮፎርማ ሳይቀርብ የመንግሥት ግዢ የለም። በራሴ ገንዘብ ልግዛ ብትል ግምገማ ማጭበርበር ነው ተባለች። ቦንጋ ውስጥ ፊውዝ የሚሸጠው ሙራድ ብቻ ስለሆነ ጨርቅ ነጋዴዋን እትዬ ዙፋንን ፕሮፎርማ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። እሳቸውም ዋጋውን ከመጻፋቸው በፊት የሚሸጠው በሜትር ነው ወይስ በፍሬ ብለው ጠየቁ። ኢንጂነሩ ሰዓታቸውን ትተው ቀን መቁጠሪያ ማየት ጀመሩ።

በዚህ መሀል ትምህርት ተከፈተ። ሠናይት ቢሮ መቀመጥ አላስቻላትም፤ የሞተውን ራዳር ይዛ ቁልቁለቱ ላይ ቆመች። ኢንጂነሩ ከሺሺንዳ ሲመለሱ ሾፌራቸው ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ግንባራቸው ከመስታወቱ ለጥቂት ተረፈ። ምን ሆነህ ነው ቢሉት ራዳር አለ አላቸው።

«ፊውዙ እኮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው!»

«እኔ በምን አውቄ፣ ጌታዬ?»

ከፊታቸው ተማሪዎች እየተሳሳቁ መንገዱን ይሻገራሉ። ኢንጂነሩ ወርደው ቆሙ፤ የሚመጣው መኪና ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሠናይት አንድ ፕሮፎርማ ብቻ እንደቀራት ነገረቻቸውና አከለች።

«እስከዚያ በዚሁ እንሠራለን። ብቻ ሾፌሮች እንዳይሰሙ።»

ኢንጂነሩ ዘወር ሲሉ ሾፌራቸው በመስኮት ብቅ ብሎ ይስቃል። ራዳሩ አይሠራም የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ መናኸሪያ እንደሚደርስ ወዲያው ገባቸው። ራዳሩ እዚሁ ይቀራል አሉና ፊውዙን ከኪሳቸው አውጥተው ያለ አንዳች ፕሮፎርማ መለሱላት።