ልጄ ተነሥታ የወጣችበት ስብሰባ

ልጄ ስኮትላንድ ውስጥ የአንዲት የባሕር ዳር ከተማ የምክር ቤት አባል ናት። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ቆም ይላል። የተወለደችው እዚህ ላስ ቬጋስ ነው። ያደገችው እዚሁ አጠገብ ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር ነው፤ እኔና አባቷ በየተራ ሺፍት እየገባን፣ አንዳችን ስንወጣ ሌላችን እየተቀበልናት። ለትምህርት ሄደች፤ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። የሰፈሯ ሰዎች ተወዳደሪ አሏት፣ ተወዳደረች፣ መረጧት። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስብሰባቸው በኢንተርኔት ይተላለፋል። እዚያ ሲመሽ እዚህ ረፋድ ነው። ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ይመቸኛል። በአንድ ትልቅ ሆቴል የዩኒፎርም ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የካዚኖ ዲለሮችን፣ ካርታ የሚያድሉትን፣ ሸሚዝ አጠብባለሁ፤ የአስተናጋጆችን ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ አስረዝማለሁ። ክፍላችን አንድ ደንብ አለው። ልብስ ሲያጥር ጨርቁ አይቆረጥም፤ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዛሬ የለበሰችው ነገ ሥራ ትለቃለች፤ ከእሷ በኋላ የምትመጣው ረጅም ልትሆን ትችላለች።

ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። የመጀመሪያውን ስብሰባ አብረን ስናይ ጥቂት አዳመጠና፣ «እውነት ይሄ እንግሊዝኛ ነው?» አለኝ። እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጆሮዬ ለመደው። ስብሰባው ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ሥርዓት ስለሆነ ቅዳሴ እንደመከታተል ሆነልኝ፤ ቃሉ ሁሉ ባይገባኝም የቱ ጋ እንደደረሱ አውቃለሁ። መጀመሪያ ስም ይጠራል። የቀረው ሰው ይቅርታው ይነበባል። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ከዚያ ሰብሳቢዋ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አይመልስም፣ ያልፉታል። ያ ጥያቄ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ የሹመት ሰንሰለት አለ። ሰው ሲረዝምባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ተናጋሪውም ወዲያው ያሳጥራል። እወዳቸዋለሁ።

የሚነጋገሩበት ነገር ትንንሽ ነው። የመንገድ በረዶ ማቅለጫ ጨው የት ሰፈር ይቀመጥ ይላሉ። እኔ ኤሲ ከፍቼ፣ ውጭ አስፋልቱ እየጋለ፣ ስለ በረዶ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ የተከራከሩት ስለ ባሕር ወፎች ነበር። ወፎቹ ሰው ውጭ ቁጭ ብሎ ሲበላ ምግቡን ከእጁ ይነጥቃሉ። ይህ ነገር በየስብሰባው ይመለሳል፣ አያልቅም። ባለቤቴ ሊንኩን ለታክሲ ጓደኞቹ ልኮላቸዋል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ያያሉ። ስልክ ደውለው፣ «የወፎቹ ነገር ምን ላይ ደረሰ?» ይሉታል። እያሾፉ ነው፤ ግን ያያሉ። ልጄ እጇን ስታወጣ፣ «አወጣች፣ አወጣች» ብለው መልእክት ይልካሉ። እሱም ለእኔ ያነብልኛል፣ አብሬው እያየሁ።

ልጄ በምትኖርበት አካባቢ ጥቂት የእኛ ሰዎች አሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ኤርትራውያንም። ቄስ ከሩቅ ከተማ ይመጡላቸዋል። የሚጸልዩት በተከራዩት የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው፤ የተማሪዎቹን ወንበር ገፍተው ይገባሉ፣ ሲጨርሱ መልሰው ደርድረው ይወጣሉ። የልጅ ልጄ ክርስትና የተነሣችው እዚያ ነው፣ በፕላስቲክ ገንዳ። ፎቶውን ሳይ ደስም አለኝ፣ አዘንኩም።

ከተማዋ ከባሕሩ አጠገብ አንድ ያረጀ የድንጋይ አዳራሽ አላት። ድሮ የዓሣ አጥማጆች ጸሎት ቤት ነበር አሉ። ባዶውን ስለቆየ ምክር ቤቱ ሊያከራየው ፈለገ። ሁለት ወገን ጠየቀ፤ አንዱ የእኛ ሰዎች ናቸው፣ ሌላው ልጆች ጀልባ መቅዘፍ የሚማሩበት ማኅበር ነው፣ ጀልባ ማስቀመጫ ፈልጎ። ማን እንደሚያገኘው የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው።

ያን ጊዜ ተሳልኩ። አዳራሹን ካገኙ የመቅደሱን መጋረጃ እኔ ሰፍቼ አስገባለሁ አልኩ ለእመቤቴ። ልጄን መጋረጃው የሚሰቀልበትን የአዳራሹን ቅስት ከፍታ ጠየቅኋት፤ ለካችና ላከችልኝ። ረጅም ነው። ቀይ ከፋይ ገዛሁ፣ ወርቃማ ዘርፍ ገዛሁ። ስለት የሚገባው የለመኑት ሲደርስ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ቀድሜ መስፋት ጀመርኩ። ልጄ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነገሩ አይሆንም ብዬ አላሰብኩም።

ከስብሰባው በፊት ስንነጋገር፣ «በደንብ አድርገሽ ተናገሪላቸው» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ ስለሱ መናገር አልችልም» አለችኝ።

«ለምን? በቤተ ክርስቲያን ታፍሪያለሽ?»

«አላፍርም። እንደሱ አይደለም» ስትል ሕፃኗ አለቀሰችና ስልኩ ተዘጋ። ፈርታ ነው አልኩ። በሰው አገር፣ በሰው መሐል ብቻዋን ናት፤ እመቤቴ አንደበቷን ትፈታላታለች።

የስብሰባው ቀን ውዳሴ ማርያም ደግሜ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ባለቤቴ ሥራ አልገባም። ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ እንግዳ የሚመጣ ይመስል ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ስም ተጠራ። ይቅርታ ተነበበ። ቃለ ጉባኤው ጸደቀ። ሰብሳቢዋ ያንን ማንም የማይመልሰውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ልጄ እጇን አወጣች። አጭር ነገር ተናገረች። «ቸርች» የሚለውን ቃል ሰማሁ። ባለቤቴ፣ «ተራ ያዘች» አለ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

ከዚያ ወፎቹ መጡ። ያን ቀን የወፎቹ ነገር እንደዚያ ሲረዝም አይቼ አላውቅም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ።

የአዳራሹ ጉዳይ ሲጠራ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ ወረቀቷን ሰበሰበች። የውሃ ጠርሙሷን ያዘች። ተነሣችና በሩን ከፍታ ወጣች።

«የት ሄደች?» አልኩ።

«ሽንት ቤት ይሆናል» አለ ባለቤቴ።

ጠበቅን። አልተመለሰችም። አንድ ሰው ስለ ጀልባዎቹ ተናገረ፤ ልጆቹ በክረምት ጀልባቸውን የሚያስገቡበት የላቸውም አለ። አንዲት ሴት ስለ እኛ ሰዎች ተናገረች፤ በደግ ቃል ተናገረች። ካሜራው ወዲያና ወዲህ ሲል ባዶዋ ወንበር ትታያለች፤ ብዕሯ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። የባለቤቴ ስልክ ድምፅ አሰማ። አየውና ገልብጦ አስቀመጠው። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩት። «አስወጧት እንዴ? ይላሉ» አለኝ። ፊቴ ጋለ።

እጅ ወጣ። እኩል ሆነ። እኩል ሲሆን የሚወስኑት ሰብሳቢዋ ናቸው። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ወደ በሩ አዩ፤ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ከዚያ አዳራሹን ለጀልባዎቹ ሰጡ። ሌሎቹን ይቅርታ ጠየቁ።

ባለቤቴ፣ «እሷ ብትኖር...» ብሎ ተወው። ሁለታችንም ያወቅነው ነገር ስለነበር መጨረስ አላስፈለገውም።

በሩ ተከፈተና ልጄ ገባች። አጠገቧ ያለችው ሴት አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ራሷን ነቀነቀች። የሚቀጥለው ጉዳይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ስንት ሰዓት ይከፈቱ የሚል ነበር። ልጄ ወረቀቷን ገለጠች፣ እጇን አወጣች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ተናገረች፤ አሮጊቶች ገበያ የሚወጡት በጠዋት ነው አለች። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

ስብሰባው ሲያልቅ ደወለች።

«እማዬ፣ አየሽ?»

«አየሁ። የት ነበርሽ?»

«ኮሪደር ላይ።»

«ኮሪደር ላይ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቆምኩ። ውሃ ጠጣሁ።»

ባለቤቴ ከጎኔ፣ «ሽንት ቤቱ ይሻል ነበር» አለ። አልሳቅንለትም።

ከዚያ ነገረችኝ። ሰብሳቢዋ በየስብሰባው የሚጠይቁት፣ ዛሬ ከሚወሰነው ነገር የራሱ ጉዳይ የሆነበት ሰው አለ ወይ ብለው ነው። ያለበት ሰው አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ጉዳዩ ሲደርስ ከክፍሉ ይወጣል፣ አይናገርም፣ እጅ አያወጣም።

«የኔ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እማዬ» አለች። «ልጄ እዚያ ነው የተጠመቀችው። ለራሴ እጄን ማውጣት አይቻልም። ሩል ነው። ሩል ባይሆንም እወጣ ነበር።»

«ብትቀመጪ ኖሮ ያልፍ ነበር።»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ማን ለማን እጁን እንደሚያወጣ ጠዋት ቆጥሬው ነበር» አለች።

ደኅና እደሪ ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ከሶፋው ሲነሣ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ ለራሱ። ይህን ተረት ሲናገር ሁልጊዜ ይስቃል፤ ያን ቀን አልሳቀም። እኔም ሥራ ሄድኩ።

መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገባሁና ከማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ የዘበኛ ሱሪ እያጠፍኩ አሰብኩ። እኔ ባደግኩበት ከተማ፣ በቀበሌም በሌላም ቢሮ፣ ወንበር ያገኘ ሰው ዘመዱን ያስቀድማል። ካላስቀደመ ዘመዱ ያኮርፈዋል። ወረፋው ሲታለፍ ከኋላ የቆመው ሰው ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ፤ ቆሜ አይቻለሁ፣ ተራዬ ሳይደርስ መስኮት ተዘግቶብኛል። ያን ጊዜ ዘመድ ቢኖረኝ ብዬ ነበር የተመኘሁት። ተነሥቶ የሚወጣ ሹም ቢኖር ብዬ የተመኘሁበት ቀን የለም። እንደዚያ ያለ ሹም እንዳለ አላውቅም ነበርና። አሁን ዘመድ አገኘሁ፤ እሷም ተነሥታ ወጣች። የማኮርፈው ዘመድ እኔ ነበርኩ።

ሱሪውን ጨርሼ ሰቀልኩት። ደስታው የመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያ ደስታ መሆኑንም አላወቅኩትም። አጠገቤ የምትሠራው ፊሊፒናዊት፣ «ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ስለ ልጄ ነገርኳት። እኔ ብዙ አላወራም፤ ያን ቀን ግን እስከ እረፍት ሰዓት አወራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከፋዩን አውጥቼ ቀጠልኩ። ባለቤቴ ሻይ ይዞ አጠገቤ ቆመና፣ «ስለት የሚገባው ሲደርስ አይደል?» አለኝ።

«ደርሷል።»

«አዳራሹን አጡት እኮ።»

«አዳራሹ በኋላ የመጣ ነው። እዚህ ኤርፖርት የሸኘናት ቀን የለመንኩት ሌላ ነበር። በሰው አገር እንዳትጠፋብኝ ነው የለመንኩት።»

ሻዩን አስቀመጠልኝና ወጣ። ከጋራዡ ሲያወራ ሰማሁት፤ ለጓደኞቹ እየደወለ ነው። «ማንም አላስወጣትም» ይላል፤ «ራሷ ናት የወጣችው። አዎ፣ በገዛ እግሯ። እስቲ አንተ ብትሆን ትወጣ ነበር?» ለሌላውም ደወለለት፤ ያንኑ ደገመለት። ባለቤቴ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው አይደለም።

መጋረጃውን መጀመሪያ በተሳልኩበት ልክ ሰፋሁት፤ ለድንጋዩ አዳራሽ ቅስት በተለካው። ለትምህርት ቤቱ ክፍል ላሳጥረው አልፈለግኩም። ለእመቤቴ ያልኳት ልክ ያ ነው። ዘርፉን በእጄ ሰፋሁት፤ መሐሉ ላይ መስቀል አደረግኩበት። በፖስታ ላክነው።

ሲደርስ ደወለችልኝ። «እማዬ፣ በጣም ያምራል። ግን ረዝሟል፤ መሬት ይጎትታል። ልቁረጠው?»

«አትቁረጪው። ወደ ውስጥ እጠፊው።»

ሳቀች። ልጅ ሳለች ሞግዚት ያጣን ቀን ሥራ ቦታ እወስዳት ነበር፤ ከመስፊያው ሥር ቁጭ ብላ ይህን ቃል ስትሰማ ነው ያደገችው። «እሺ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ፎቶ ላከችልኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከመጋረጃው ጎን ግድግዳው ላይ ተማሪዎች የሳሉት ዓሣና ጀልባ ተለጥፏል። ቄሱ ከፊት ቆመዋል፤ የልጅ ልጄ በአባቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። መጋረጃው ከታች በሰፊው ታጥፏል፤ የድንጋዩ አዳራሽ ከፍታ እዚያ ውስጥ አለ። እጥፋቱን ልጄ በእጇ ነው የሰፋችው፤ ስፌቱ ጠማማ ነው። ፎቶውን ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ። ሥራ ቦታ ልጅሽ እንዴት ናት ላለኝ ሁሉ አውጥቼ አሳያለሁ፤ ያንን ጠማማ ስፌት በጣቴ እያመለከትኩ።