ሽፈራው ያልጨረሰው መጽሐፍ

መርሳ ከተማ ውስጥ ልቦለድን እንደ ሽፈራው የሚያስቸግር አንባቢ አልነበረም። ሽፈራው ጎሚስታ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር የተነፈሰ ጎማ ይለጥፋል። ማስቲሹ እስኪደርቅ ድረስ ያነባል። ስለዚህ እሱ ጋ የደረሰ መጽሐፍ ሁሉ የአውራ ጣቱን ጥቁር አሻራ ይዞ ይመለሳል፤ የት ገጽ ላይ እንደ ቆመም ሳንጠይቀው እናውቅ ነበር።

እኛ ያልኩት አራት ሰዎችን ነው፦ ልብስ ሰፊው ሙሄዲን፣ አስተማሪዋ ማርታ፣ ሽፈራውና እኔ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሻጩ ሀብቴ። በ1995 ዓ.ም. የንባብ ማኅበር አቋቋምን። ደንቡን የወሰድነው ከዕቁብ ነው። በየወሩ ዕጣ እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት አንብቦ የወደደውን ልቦለድ ይመርጣል፤ ወልድያ ካለ አከራይ አስመጥተን በየተራ እናነባለን። ከዚያ እሑድ ከሰዓት እኔ ሱቅ ተሰብስበን ሁሉም የተሰማውን ይናገራል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን፤ ላልጨረሰ ሰው መጨረሻውን መንገር ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣውም የሚጠብቀውም ሙሄዲን ነው፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ማርታ የመረጠችው የፍቅር ልቦለድ ሁላችንንም አስለቀሰን። ሽፈራው ግን፣ “ልጅቷ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች፤ አንድም ቀን ምሳ ስትበላ አላየኋት” አለ። እኔ በመረጥኩት ደግሞ የሰውየው የጭነት መኪና የኋላ ጎማ ፈንድቶ ገደል ይገባል። ሽፈራው ሳምንቱን ሙሉ ሱቄ እየመጣ ነዘነዘኝ።

“የኋላው እኮ ጥንድ ጎማ ነው ሀብቴ። አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ቀስ አድርጎ እስከሚቀጥለው ከተማ እስከ ውርጌሳ ያደርሰዋል። ሰውየውን የገደለው ደራሲው ነው።”

ያን ጊዜ ተናድጄበታለሁ። አሁን ከዚያ መጽሐፍ የማስታውሰው ግን ይህንኑ የሱን ክርክር ብቻ ነው።

ነገር የመጣው የሙሄዲን ዕጣ ሲወጣ ነው። የመረጠው መጽሐፍ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነበር። ተቀያይመው በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ይኖራሉ፤ በመጨረሻ ታላቅየው ይታመማል። ሽፈራው ታላቅየው አልጋ ላይ በዋለበት፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አቆመ። እሑድ ለት ባዶ እጁን መጣ።

“ሽማግሌ በመጽሐፍ ትልኩብኝ ጀመር?” አለ።

“ወላሂ ሽፌ፣ የምን ሽማግሌ? ወድጄው ነው የመረጥኩት” አለ ሙሄዲን።

“ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ገብቶኛል።” ብሎ ወጣ።

ሙሄዲን እውነቱን ነበር። ከሐራ መጥቶ መርሳ ሱቅ ከከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ የግራናውን ነገር አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። መጽሐፉ ሲመረጥ ነገሩ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ፤ ማን ያውቃል፣ ይበጀው ይሆናል ብዬ ነው።

የግራናው ነገር ይህ ነው። ሽፈራው ድሬዳዋ ይሠራ በነበረበት ጊዜ እናቱ በትውልድ ቦታው በግራና ሞተች። ታላቅ ወንድሙ ስዩም መልእክት አልላከም። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሳለ መርዶ አይነገረውም፣ ለፋሲካ ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል አለ። ሽፈራው ለፋሲካ ሻሽ ገዝቶላት፣ ከውጭ ጀምሮ “እማዬ!” እያለ ገባ። የእናቱ አልጋ ተነሥቷል፤ አርባዋም ወጥቷል። ሻሹን ወለሉ ላይ ጥሎ እህል ሳይቀምስ ተመለሰ። መርሳ መጥቶ ሥራ ከጀመረ በኋላም ግራናን አልረገጣትም። መንገዱ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ እሱን ግን ሰባት ዓመት ፈጀበት።

የመጽሐፉ ኪራይ ቀን አለፈ። አከራዩ ወደ ሱቄ ስልክ ደውሎ፣ ነገ ካልተመለሰ ሁለተኛ አላከራይም አለ። ማርታ ደግሞ በማግስቱ ለስብሰባ ወልድያ መሄዷ ነው፤ ይዛው እንድትሄድ ተስማማን። አኩርፏልና ብቻዋን ልትጠይቀው አልወደደችም። ስለዚህ ሦስታችንም አብረን ሄደን፣ በነጋታው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩን አንኳኳን።

የታኅሣሥ ብርድ ነበር። ማርታ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ እኔ ጋቢ ደርቤያለሁ፤ ሙሄዲን እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አቀርቅሯል። ሰው መርዶ ይዞ የሚመጣው በዚህ ሰዓት፣ እንደዚህ ተሰብስቦ፣ እንደዚህ ተከናንቦ ነው። ሦስት የወሎ ሰዎች ይህን እንዴት እንደዘነጋነው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሽፈራው በሩን ከፈተ። ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየን።

“ስዩም ነው?” አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ስላልገባን ወዲያው አልመለስንለትም። ዝምታችን ነገሩን አረጋገጠለት። ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

“ቀብራችሁታል? እሱንም ሳላየው?”

“ኧረ ሽፈራው፣ ማንም አልሞተም” አለች ማርታ እየተንተባተበች። “መጽሐፉን ልንወስድ ነው የመጣነው።”

አልሳቀም፤ እኛም አልሳቅንም። ተነሣና መጽሐፉን ከውስጥ አመጣ። ለማርታ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሙሄዲን ዞረ።

“ታናሽየው ይደርስለታል?”

ሙሄዲን እኔንም ማርታንም አየን። ከዚያ በገዛ እጁ ያወጣውን ሕግ በገዛ አፉ አፈረሰው።

“አይደርስለትም። ገና መንገድ ላይ ሳለ ይቀብሩታል።”

ሽፈራው መጽሐፉን ሰጠን። በሩን ቆለፈና በዚያው በሥራ ቱታው ወደ ግራና መኪና መቆሚያ ሄደ።

እሑድ ሱቄ መጣ። ማርታ ሌላ ነገር እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንደ ደንባችን ጠየቀችው፦ “እሺ፣ መጽሐፉን እንዴት አገኘኸው?”

“አልጨረስኩትም” አለ። “ደራሲው ግን እዚህም ተሳስቷል። ታላቅየው ታናሹን ሲያይ ምን እንደሚል አላወቀም።”

“ምን ይላል?” አለ ሙሄዲን።

“ስዩም በር ላይ ነበር፤ ገና ከሩቅ አየኝ። ሰባት ዓመት ደጁን ያልረገጠ ሰው በዚያ ማለዳ ሲመጣ ምን ይበል? የያዘውን አካፋ ጣለና ‘ማን ሞተ?’ አለኝ።”

“አንተስ?”

“‘ማንም’ አልኩት። ‘ማንም ሳይሞት ነው የመጣሁት።’”