ሦስት የማይተዋወቁ ዕቃዎች

ነገሩ ባጠቃላይ አሥራ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ብር፣ አንድ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ እና አንድ የቆየ የመርካቶ ወዳጅ አስከፍሎኛል። ያተረፍኩትን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ ነጋዴ የሚያስቀድመው ወጪውን ነው።

የምፈልገው ብዙ አልነበረም። እህል ነጋዴ ነኝ፤ አምበር ወይም ደብረ ወርቅ ገበያ ውዬ ደብረ ማርቆስ የምገባው ሲመሻሽ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት የሚጠብቀኝ ጨለማ ብቻ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስከራከር እውልና፣ ግድግዳ እየዳበስኩ መግባት ሰለቸኝ። እውነቱን ለመናገር መሰልቸት አይደለም፤ እፈራው ነበር። አንዳንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት እቀመጥና፣ አስተናጋጇ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ መስቀል ስትጀምር ነው የምነሳው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ሄጄ ከመርካቶ በር ሲከፈት የሚያውቅ ትንሽ ዕቃ፣ በስልክ የሚታዘዝ አምፖልና ሬዲዮ የሚያሰማ ስፒከር ገዛሁ። በሩን ስከፍት መብራቱ እንዲበራ፣ ሬዲዮውም እንዲያወራ። ርካሽ ርካሹን ስመርጥ ሦስቱም የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ሆኑ። እያንዳንዱ የራሱ አፕ አለው፤ አንዱ ሌላውን አያውቅም። የሚሰዳደቡ ሻጭና ገዥ ስንቴ እጅ ለእጅ አጨባብጫለሁ፣ ይኼ ምን ያቅተኛል ብዬ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። አቃተኝ። ስልክ የምትጠግን፣ ከደሴ የመጣች ወጣት ሴት ሱቅ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ሦስት ሠራተኛ ነው የቀጠሩት፤ ሦስቱም የተለያየ ቋንቋ ነው የሚናገሩት" አለችኝ።

"አስተርጓሚው ስንት ነው?"

"ለእርስዎ? ግማሽ ዋጋ።"

"ለሌላውስ?"

"ለሌላውም ግማሽ ነው" ብላ ሳቀች። ንግድ ታውቃለች።

ቤት መጥታ ሦስቱንም አንድ አፕ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ሲከፈት አምፖሉ በራ፤ ሬዲዮው አወራ። "ወላሂ አለቀ!" አለች። በሩን ሰባት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ከአምበር ተመልሼ ብከፍት፣ ጨለማ። ስፒከሩ ግን ከጨለማው ውስጥ በእንግሊዝኛ ተናገረኝ። ልጅቷ ዘንድ ደውዬ በስልክ አሰማኋት።

"ምን ይላል?"

"አምፖሉ አይመልስልኝም ነው የሚለው።"

"እሱንማ እኔም እያየሁት ነው!"

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ማብሪያውን በእጄ ስነካው ይበራል፤ በሩን ስከፍት ግን ዝም። አምፖሉን የሸጠልኝ የመርካቶ ወዳጄ ዘንድ ደውዬ፣ በሃያ ዓመት ደንበኝነት ውስጥ ያልወጣኝን ስድብ ሰደብኩት።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ በጠዋት መጣች። "እስቲ እንደ ወትሮው ይውጡ፤ ልይዎት" አለችኝ። ጋቢዬን ደረብኩ፣ ቁልፌን ያዝኩ፣ ደፉን ስሻገር ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ቀጭ አደረግኩ።

"ያዝኩዎት! ጋሼ፣ ገድለውት እኮ ነው የሚወጡት! ኤሌክትሪክ ካልደረሰው በምን ይስማል?"

እጄን አየሁት። ባለቤቴ ደጃፍ ቆማ "መብራት!" ትለኝ ነበር፤ ያቺኑ አንዲት ቃል። የአጥሩ በር ከደረስኩም ተመልሼ አጠፋ ነበር። በሕይወት ሳለች በየቀኑ እረሳ ነበር። ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም።

ለልጅቷ ግን "የቆጣሪው ነገር ነው" አልኳት።

ከቦርሳዋ ፕላስተር አወጣች። "እንዳይነኩት ልለጥፍበት?"

"አምጪው" አልኳትና ራሴ ለጠፍኩት። ቆየሁበት መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ ፕላስተር ነው እኮ፣ ግንብ አይደለም" አለችኝ።

የዚያን ዕለት ከደብረ ወርቅ ተመልሼ በሩን ከፈትኩ። መብራቱ በራ። ሬዲዮው ስለ ዝናብ ያወራል። ደፉ ላይ ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ። ማብሪያውን ሳላጠፋ መውጣቴን የተቆጣኝ የለም። ገባሁ።

ወጪ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ብር። ሦስቱ ዕቃዎች ተስማምተዋል። የመርካቶ ወዳጄ ይቅርታ ልጠይቀው ስደውል ስልክ አያነሳም። ትርፍ፣ በሩን ስከፍት ቤት ውስጥ አንድ ሰው የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።