ከአሥር ዘጠኝ

ጋሼ ተፈሪን ወድጃቸው አላውቅም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ ስላችሁ በሐዘን የማወራ እንዳይመስላችሁ። ሰውን «አንቱ» እያሉ መጥላት ደግሞ ልፋት ነው። ተሳድበህ አይወጣልህም። ሲመጡ ትነሳለህ፣ ወንበር ትለቃለህ፣ በሆድህ እርር ድብን ትላለህ።

ዲቪ ደርሷቸው ኮሎምበስ የገቡት በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ሊንደን ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት የሚሉት ምድር ቤት ያለው አሮጌ ቤት ተከራይተው፣ ኩላሊታቸው የደከመ ሕመምተኞችን በቫን ወደ እጥበት ያመላልሱ ነበር። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ያለቻቸው ኮሌጅ የምትማር ኤልዳና የምትባል አንዲት ልጅ ናት። የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ጎማ ብታወራ ያስተምሩሃል፣ ብታስነጥስ ስለ ኮሮና ያስተምሩሃል። እኔ ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ መጠን ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስለካ ነው የምውለው፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን የሜትር አያያዝ ሊያሳዩኝ ቃጣቸው። ሜትሩን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ?

በ2020 መጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ምግብ ቤቱም ተዘግቶ ሰው መሄጃ ሲያጣ፣ ኢስተን ከሚባለው የገበያ ማዕከል የአየር ጠመንጃ ገዝተው መጡ። ቤዝመንታቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥር ሜትር ይሆናል። ዋይትሆል ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ አንዋርና እኔ እሁድ እሁድ ማስካችንን አድርገን እንሄድ ጀመር። ለምን የማትወደው ሰው ቤት ትሄዳለህ ትሉኝ ይሆናል። ሌላ የት ልሂድ?

ጭቅጭቁ የመጣው በዓመቱ፣ በ2021 ኦክቶበር ላይ ነው። ጋሼ ተፈሪ መሳት አበዙ። ሲስቱ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። «ይኼ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ምን ጥይት ነው? ቡሽ ነው እንጂ። ሹሉን አምጣ! መርፌ ሹል ባይሆን ይሰፋ ነበር?» አሉ።

እኔ ደግሞ በልክ የመጣብኝን አልለቅም። አራት ቆርቆሮ ጥይት ገዛሁ፤ ጠፍጣፋ፣ ድቡልቡል፣ አፉ ጎድጓዳና ሹል። ጠመንጃውን የሩዝ ከረጢት ላይ አስደግፈን ከየዓይነቱ አሥር አሥር እንድንተኩስ፣ ኢላማ ወረቀቱ ላይ ካለው ጥቁር ክብ ውስጥ የገባውን እንድንቆጥር ተስማማን። ለእኔም ለአንዋርም ውጤቱ አንድ ሆነ። ጠፍጣፋው ከአሥር ዘጠኝ ገባ፣ ወረቀቱንም እንደ መብሻ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ድቡልቡሉ ስምንት፣ ጎድጓዳው ሰባት። ሹሉ አምስት። ጫፉ ትንሽ ከመሃል ከተዛነፈ ይወላገዳል፣ ቀዳዳውም ተቀዶ መልሶ ስለሚገጥም ለመቁጠር ያስቸግራል።

የጋሼ ተፈሪ ተራ ደረሰ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ተኩሶ ወረቀቱን ሊቆጥር አይሄድም። ታናሽ ሄዶ ይነቅልና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። ታናሹ እኔ ነኝ። ሄጄ ነቀልኩ። በጠፍጣፋው ሦስት፣ በድቡልቡሉ ሦስት፣ በጎድጓዳው ሁለት፣ በሹሉም ሦስት። የቀረው ሁሉ ወደ ግራ ተበትኗል፣ አንዱማ ወረቀቱን ስቶ የተለጠፈበትን እንጨት ነው የመታው። ዞር ስል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። አንዋር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሽማግሌ ሰው በገዛ ቤቱ «ሦስት» ይባላል? 

«ሹሉ ዘጠኝ ነው ጋሼ» አልኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«አላልኩም?» አሉ፤ ከዚያ ስለ መርፌ እንደገና ሙሉ ትምህርት ሰጡን።  ከዚያን ቀን በኋላ በየእሁዱ ዘጠኝ ሆኑ። ምን ታደርገዋለህ፣ አንዴ ዘጠኝ ያልከውን ሰው በሚቀጥለው እሁድ ሁለት አትለውም።

ኖቬምበር ላይ ኤልዳና ኮል አደረገችልኝ። ጋሼ ማለት አታውቅም፤ «ወርቁ» ነው የምትለኝ። «አባዬ ቫኑን ሁለት ጊዜ ከመብራት ፖል ጋር አጋጨው። ዓይንህን ቼክ አድርግ ስለው፣ ከአሥር ዘጠኝ የሚመታ ሰው ነኝ ይለኛል። ኢዝ ዛት ትሩ?»

አባትን ለልጁ አሳልፌ ልስጥ? «እውነት ነው» አልኳት። ይባስ ብዬ ተቆጣኋት፤ አባትሽን እንዲህ አትፈትኚ አልኩ። «ኦኬ» ብላ ዘጋችው። ቫኑ ውስጥ ስለሚሳፈሩት ሕመምተኞች አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

በ2022 ማርች ጋሼ ተፈሪ ባዶ ቫን እየነዱ የቆመ መኪና ገጩ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሐኪሙ ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት ነው አለ። ቀኝ ዓይናቸው አልቋል፣ የጠፋው አይመለስም። ግራው በጠብታ ይያዝ ይሆናል፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ቀኙም ይተርፍ ነበር አላቸው። ሥራቸውም በዚያው ቀረ።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ አልተለወጡም። «እግዜር ይማርዎት» እንኳ ሳልል ትምህርት ጀመሩልኝ። «ቢሆንም ስለ ሹሉ ጥይት ልክ ነበርኩ» አሉ።

 ይኼኔ ከዓመት በላይ የዋጥኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። «አልነበሩም ጋሼ! ሹሉ ከሁሉም የባሰ ነው። እርስዎም ዘጠኝ መትተው አያውቁም። ሦስት ነው የመቱት። ሁለትም መትተዋል። ዘጠኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

 ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«ኖቬምበር ላይ የዓይን ቀጠሮ ይዤ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለኤልዳናም አልነገርኳት። ጠርጥሬ ነበር። በዚያው ሳምንት እንደገና ዘጠኝ አልከኝ፣ ደውዬ ካንስል አደረግሁት።»

«አንዋርም እኮ ያውቅ ነበር፤ ለምን እሱን አልጠየቁትም?» አልኩ። 

«አንዋር ይወደኛል፣ ለእኔ ብሎ ይዋሻል። አንተ እንደምትጠላኝ አውቃለሁ ወርቁ፣ ልጅ አይደለሁም። የሚጠላኝ ሰው ዘጠኝ ካለማ እውነት ነው ብዬ ነው።»