ኔድ ዶድ ካቡን ያፈረሰ ዕለት

ኔድ ዶድ ዕድሜውን የፈጀው ካብ ሲክብ ነው። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። አባቱ አልበርት ምስጋና ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። ኔድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የበጎቹን ግጦሽ የሚያጥረውን ካብ ብቻውን ሲጨርስ ግን፣ ሽማግሌው ግራ ቀኝ አይቶ «ይቆማል» አለ። ካቡ አርባ ስምንት ዓመት ቆመ። ኔድ ከአባቱ ሌላ የምስጋና ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የመጣው እዚያው ግጦሹ ላይ ነው፣ ከጥንቱ የሮማውያን ምሽግ በር ወጣ ብሎ። የሚፈለጉት ወታደሮቹ አይደሉም። ጫማ ሰፊው፣ ቢራ ጠማቂዋ፣ የወታደሩ ሚስት ናቸው፤ ታሪክ ስማቸውን ለመጻፍ የሰነፈባቸው ሰዎች።

የቁፋሮው ኃላፊ ሞራግ ሻይዋን ይዛ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ይሄ ቤት ሱቅ ይመስለኛል» አለችው። «ግን የበሩ ደፍ ድንጋይ የለም። የሱቅ ደፍ ቦይ አለው፣ የመዝጊያው ሳንቃ የሚንሸራተትበት። እሱ ካልተገኘ በረት ነው ብዬ ጽፌ ነገ አፈሩን እመልሳለሁ።»

ኔድ ዞሮ ካቡን አየ። በእሱ ጊዜ ካብ የሚክብ ሰው ድንጋይ ከሜዳው ያነሳል፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

«ሌባው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ደግሞ ምን ሰረቁ?»

«ደፍሽን። ቦይ ያለው ድንጋይ ነበር፤ ካቡ ሥር ደፍቼዋለሁ።»

ሞራግ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። የሥር ድንጋይ ከላዩ ያለው ሁሉ ሳይወርድ አይወጣም። ኔድ መዳፉን ካቡ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ድንጋይ አወረደ። የአባቱን ብቸኛ ቃል በገዛ እጁ የሚንድ መሰለው።

«እናግዝዎ» አሉት ቆፋሪዎቹ።

«እጃችሁን ሰብስቡ። እናንተ ማንኪያ በምታህል ነገር አፈር ጫሩ።»

ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን ገለበጡት። ቦዩ አለ። ከቦዩ አጠገብ ደግሞ መሀሉ ሰርጉዷል፣ ልስልስ ብሏል። ኔድ ያኔ አልደላደል ብሎት የረገመው ስርጉድ ይኸው ነበር። አሁን ጣቱን ሲያሳርፍበት ምን እንደሆነ ገባው። እግር ነው የበላው። ዳቦ ሊገዛ የመጣ፣ ወሬ ሊለቅም የመጣ፣ በዱቤ ስጪኝ ሊል ያፈረ፣ ስንቱ ረግጦት ይሆን?

ተሸክመው ወስደው ከተቆፈረው ቤት በር ክፍተት ላይ አሳረፉት። ልክክ አለ።

«ይግቡ እንጂ፣ ኔድ» አለች ሞራግ ቀስ ብላ። «መጀመሪያ እርስዎ።»

ኔድ አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አወረደው። ፊቱ ያለው ጣሪያም ግድግዳም የሌለው ባዶ መሬት ነው።

«ባለቤቶቹ ግባ ሳይሉኝ?» አለ። ቀልዱን አልነበረም፤ ከደፉ ወዲህ ቆሞ ጠበቀ።